ታማሚው ብቻ ሳይሆን ቤቱም ይማር

ስለ አእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች ትምህርት ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት



ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉንደ ወይን የምትባል ከተማ አለች፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በአንድ ወገን የጮቄ ተራሮች፣ በሌላው ወገን የዓባይ ሸለቆ ያሉበት፣ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት የምሥራቅ ጎጃም ምድር ነው። የቅኔ አገርም ነው። ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ከዚህ ሩቅ አይደሉም፤ ብዙ ወጣት አኩፋዳውን ይዞ ለትምህርት ከቤቱ የሚወጣበት አገር ነው።

በዚህ አካባቢ ገጠር ያገኘነውን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በማስቀደም ጥናታችንን እንጀምራለን። ስማቸውንና መንደራቸውን አንጠቅስም። ታሪኩንም የምንጽፈው ስለ እነርሱ ጥፋት ሳይሆን ስለ እኛ ጥፋት ነው።

የቤቱ የበኩር ልጅ ቅኔ ተማሪ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው እንቅልፍ አጣ፤ ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ ጎረቤቶቹ መርዝ ሊያበሉት እንደሚሹ ተናገረ። የመንደሩ ሰው ግማሹ «አብሾ ጠጥቶ ነው» አለ፤ ግማሹ መተት ነው አለ፤ ሌላውም ቡዳ ነው አለ። ወላጆቹ ወደ ጠበል ወስደውት ብዙ ወራት ተቀመጡ። አንድ በሬ ተሸጠ። በኋላም ሌሊት እየወጣ ወደ ገደል መሄድ ሲያበዛ፣ ጨካኞች ስለ ሆኑ ሳይሆን እንዳይሞትባቸው ፈርተው፣ እግሩን በገመድ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሩት። ሰባተኛ ክፍል የደረሰች እኅቱም ሌላው ሰው ወደ እርሻ ሲወጣ እርሱን እንድትጠብቅ ከትምህርት ቤት ቀረች።

እኛም ሰማን፤ ሄድን፤ በመኪናችን ወደ ሐኪም ቤት አደረስነው። መድኃኒት ተሰጠው። ከሦስት ወር በኋላ ገመዱ ተፈትቶ፣ ልጁ ከአባቱ ጋር እርሻ ሲወጣ አየንና እጅግ ደስ አለን፤ በሪፖርታችንም ጻፍነው። ከዚያም ወደ ሌላ ሥራችን ሄድን።

ለቤተሰቡ ግን አንድም ቀን ተቀምጠን ስለ ሕመሙ አላስረዳናቸውም ነበር። መድኃኒቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ አልነገርናቸውም። እጁ ሲንቀጠቀጥና ለሃጩ ሲዝረከረክ ክኒኑ የሚያመጣው መሆኑን አላወቁም፤ ልጃቸውን እያደከመው መሰላቸው። አባትየው «የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» አሉና በሐምሌ፣ ለዘር ሥራ ጉልበት በሚፈለግበት ወቅት፣ ክኒኑ ቆመ። በአጨዳ ጊዜ ልጁ እንደ ገና ታመመ። ገመዱም ተመለሰ፤ ታናሽ እኅቱም ለሁለተኛ ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ተመልሰን በሄድን ጊዜ እናትየው ቡና አፍልተው በአክብሮት ተቀበሉን። ከዚያም ቀስ ብለው «ልጆቼ፣ ክኒኑን ሰጣችሁን፤ ነገሩን ግን አልነገራችሁንም» አሉን። ይህ ጥናት የተዘጋጀው ከዚህ ተግሣጽ የተነሣ ነው።

ሀ. ቤተሰቡን ማስተማር ለምን አስፈለገ?

አንደኛ፤ በአገራችን የአእምሮ ሕሙማን ዋና ሐኪም ቤት የገዛ ቤታቸው ነው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ሐኪሞችን በዚህ ሙያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ2003 ነው። ዛሬ አገልግሎቱ ወደ ክልል ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎችም እየወረደ ነው። ይሁን እንጂ ታማሚው ከሐኪሙ ጋር የሚቆየው በወር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ቀንና ሌሊት ሁሉ በእናት፣ በአባት፣ በሚስት፣ በእኅት እጅ ነው። አስታማሚው የማያውቀውን ነገር ሐኪሙ ቢያውቀው ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛ፤ ቤተሰቡ ራሱ ተጎድቷል። በጉራጌ ምድር በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ታላቅ የአእምሮ ጤና ጥናት ተካሂዶ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ተይዘው ከተገኙት መካከል ቀደም ብለው ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም። በዚያው አካባቢ 178 የሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ደግሞ፣ ከአራቱ ሦስቱ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ከመቶው 37ቱ ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ወገኖች ሆይ፣ የተደበቀ ሕመም አይታከምም። ቤተሰቡ የሚደብቀው እኛ ስለምንጠቋቆም ነውና፣ ኀፍረቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፤ የቤተሰብ ትምህርት ሕመሙ እንዳያገረሽ እንደሚረዳ በተግባር ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ብራውንና የሥራ ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከሆስፒታል ወጥተው ነቀፋ፣ ቍጣ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት ወዳለበት ቤት ከተመለሱት ሕሙማን መካከል በዘጠኝ ወር ውስጥ ከመቶው 58ቱ አገረሸባቸው፤ ረጋ ወዳለ ቤት ከተመለሱት ግን ከመቶው 16ቱ ብቻ ነበሩ። ይህን በመመርኮዝ ጁሊያን ሌፍ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ24 ሕሙማን ላይ ሙከራ አድርገው ውጤቱን በ1982 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሁሉም መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ የግማሾቹ ቤተሰቦች ግን በተጨማሪ ትምህርትና የውይይት ስብሰባ ተደረገላቸው። ትምህርቱን ካላገኙት ወገን በዘጠኝ ወር ውስጥ ግማሾቹ ሲያገረሽባቸው፣ ትምህርቱን ካገኙት ወገን ያገረሸባቸው ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» የሚል ቢኖር፣ በገዛ አገራችን የተደረገውን ይስማ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ አንድ ዓመት ሙሉ ታማሚውንም ቤተሰቡንም አስተማሩ፤ ከእድርና ከመንደር ሽማግሌዎች ጋርም ተነጋገሩ። ይህ ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ተደምሮ የተሰጣቸው ሕሙማን፣ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሮአቸውን ለመምራት ተሻሉ። እንግዲህ ይህ ሥራ የሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ ታግሦ የሚቀመጥና አጥርቶ የሚናገር ሰው ሊሠራው የሚችል ነው።

ለ. ምን እናስተምር?

1. ሕመሙ ምን እንደ ሆነ። የአእምሮ ሕመም የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። ስኪዞፍሬኒያ የተያዘ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሌላው የማያምነውን ነገር በጽኑ ያምናል። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ደግሞ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ያስፈነድቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ገንዘብ ያስበትናል፤ ሌላ ጊዜ በሐዘን ይጥላል። ድባቴ ጉልበትን፣ የምግብ ፍላጎትንና ተስፋን ያሳጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ከ300 ሰው አንድ ያህል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀበሌ እንዲህ ያለ ቤት አለ ማለት ነው። ቤተሰቡ ብቻውን የተረገመ መስሎት ከሆነ፣ ይህን መስማቱ ብቻ ሸክሙን ያቀልለታል። ልብ በሉ፤ ታማሚው የሚሰማው ድምፅ ለእርሱ እውነተኛ ድምፅ ነው። ሲያስመስል ወይም ሥራ ሲሸሽ አይደለም።

2. ጥፋቱ የማንም እንዳልሆነ። እናትየው «ምን በድዬ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ የቆየ ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጌታም ኃጢአቱን በሰውዬውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ሕመሙ የሚመጣው በአንጎል አሠራር ላይ ከሚደርስ ለውጥ ነው። ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለበት፤ ከባድ መከራም ሊቀሰቅሰው ይችላል። የእናት ጡት ወይም የአባት ቍጣ አያመጣውም። ስለ ዘር ብዙ ቤተሰቦች የሚፈሩት የሌሎች ልጆቻቸው ጋብቻ እንዳይበላሽ ነው። ስለዚህ በግልጽ ንገሯቸው፤ ከወላጆቹ አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ካለበት ልጅ እንኳ ሕመሙ የሚይዘው ከአሥር አንዱን ያህል ነው፤ ዘጠኙ አይያዙም።

3. ስለ መድኃኒት። በዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ቆዩ፤ እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነውና። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን በጤና ተቋሞቻችን ብዙ ጊዜ የሚታዘዙ ክኒኖች ናቸው፤ ፍሉፌናዚን የሚባል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚያቆይ መርፌም አለ። ቤተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በአንድ ቀን አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ታማሚው ከተሻለው በኋላም፣ የመጀመሪያ ሕመሙ ቢሆን እንኳ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል ይገባል፤ ከዚያም የሚቆመው በሐኪሙ ምክር ብቻ ነው። ደጋግሞ ያገረሸበት ሰው ለብዙ ዓመት ሊወስደው ይችላል። «የተሻለው መድኃኒቱን ስለሚወስድ ነው» የሚለው ቃል በቤቱ ውስጥ ደጋግሞ ይነገር። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር፣ የለሃጭ መብዛት፣ ተቀምጦ መዋል አለመቻል ከመድኃኒቱ የሚመጡ ናቸው፤ የሚያቃልላቸውም ሕክምና አለ። ስለዚህ ክኒኑን መጣል ሳይሆን ለነርሱ መንገር ነው። ነገር ግን አንገት ወይም መንጋጋ ተጣሞ ቢቀር፣ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መድረቅ ጋር ቢታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መድኃኒቱ በምግብ ወይም በጠላ ውስጥ በስውር አይጨመር፤ «መርዝ ሊያበሉኝ ነው» ብሎ የሚፈራ ሰው አንድ ቀን ቢደርስበት ዳግመኛ አያምናችሁም።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለ አለ፣ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቀድሞ መሄድ፣ ከተቻለም ለተጨማሪ ጊዜ የሚሆን እንዲሰጣቸው ነርሱን መጠየቅ እንዲለምዱ አስተምሯቸው።

4. እንዴት እንነጋገረው? ታማሚው «ጎረቤቶቼ ሊገድሉኝ ነው» ሲል «ውሸትህን ነው» አትበሉት፤ በክርክር የተረታ የለምና። «አዎን፣ ሊገድሉህ ነው» ብላችሁም አታጽኑበት። «አንተ እንደ ፈራህ አያለሁ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ እዚሁ አብሬህ ነኝ» ማለት ይሻላል። አጭር ቃል ተናገሩ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ አይጩኽበት። ልጆች እንዳይስቁበት ምከሯቸው። «ዛሬም ተኝተህ ዋልህ፣ አንተ የማትረባ» በማለት ፈንታ «ውሃ ብትቀዳልን ደስ ይለናል» በሉት፤ ሲቀዳም አመስግኑት። በሌላ ወገንም እንደ ሕፃን አታጉርሱት፤ የሚችለውን ይሥራ። ከብት መጠበቅ፣ አጥር ማጠር፣ ጥጥ መፍተል ለብዙዎች መድኃኒት ያህል ጠቅሟል። አረቄና ጠላ፣ ጫትና ሐሺሽ ግን ሕመሙን ያባብሳሉ።

5. ሕመሙ ሲመለስ የሚታዩ ምልክቶች። ሕመሙ በአንድ ሌሊት አይመለስም፤ ምልክት ይሰጣል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እንቅልፍ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ታማሚው ከሰው ይርቃል፣ ገላውን መታጠብ ይተዋል፣ በጥቂት ነገር ይጠራጠራል፣ ብቻውን ማጕረምረም ይጀምራል። የእያንዳንዱ ሰው ምልክት የራሱ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን «ባለፈው ጊዜ ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሳምንታት ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሦስት ምልክት ይለዩ፤ ታማሚው ራሱ ደኅና በሆነበት ቀን አብሮ ይለይ። ሁለቱ በታዩ ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ይስማሙ።

6. ስለ ገመድና ስለ አደጋ። የታሰረ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ ቤተሰቡን አትዝለፉ። ብዙዎች ያሰሩት ሕክምና ስላጡ፣ ስለ ፈሩና ስለ ደከሙ ነው። መጀመሪያ «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻላችሁት?» በሏቸው። ከዚያም ሕክምናውና ትምህርቱ አብረው ይሂዱ፤ የሚፈታበት ቀንም በምክር ይወሰን። መታሰር እግርን ያቈስላል፣ ጅማትን ያደርቃል፣ ሕመሙንም አያድንም። ገመድ ፈትቶ ትቶ መሄድ ግን ከእኛ እንደ ተማራችሁት በቂ አይደለም።

ታማሚው መሞት እንደሚሻ ቢናገር ወይም ተስፋ እንደ ቈረጠ ቢያስታውቅ፣ «ራስህን ለመጕዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ያቀልልለታል። ብቻውን አይተው፤ የተባይ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

7. ስለ አስታማሚውና ስለ ልጆች። አስታማሚ ሰው ነው፤ ይደክመዋል፤ ይቈጣል፤ አንዳንድ ሌሊት ሸክሙ የሚቀልለት በታማሚው ሞት ብቻ መስሎ ይታየውና በዚህ አሳቡ ራሱን ይኰንናል። ይህን የሚናገርበት ሰው ያስፈልገዋል። ዘመዶች በተራ ይጠብቁ፤ እናትየው በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ከሁሉ ይልቅ ግን በቤቱ ውስጥ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የምትቀረው ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ሲታመም የእርሷ ዕጣ አብሮ መበላሸት የለበትም። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ፤ የደብተርና የልብስ ችግር ካለ ጉባኤው ይርዳ፤ እርሷ በክፍል በምትሆንበት ሰዓት ወንድሟን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ በስም ይወሰን።

ሐ. ጸሎትና መድኃኒት

በቡታጅራ ከተጠየቁት ዘመዶች መካከል ለሕመሙ የሚሻለው መንገድ ጸሎት ነው ያሉት ከመቶው 65ቱ ነበሩ። በጎጃምም ቢሆን ታማሚ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ነው። ሠራተኞቻችን በዚህ ነገር ወደ ክርክር እንዳይገቡ አደራ እንላለን። ከአንድ ቤተሰብ ተስፋውን ነጥቆ በክኒን ብቻ መተካት አይቻልም፤ አያስፈልግምም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ያ ቃል በብዙ ቤት መድኃኒት እንዳይቆም ረድቷል። ለአእምሮ ሕሙማንም ይኸው ይሁን፤ ይጸለይለት፣ ክኒኑንም ይዋጥ። የምንለምናቸው ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ አይመታ፣ በረኀብ አይቀጣ፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ። በእኛም ጉባኤዎች ቢሆን «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣል» የሚል ሰው ሲነሣ፣ ሽማግሌዎች ዝም አይበሉ።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ በበረሃ ተስፋ ቈርጦ መሞት በተመኘ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰጠው ተግሣጽ አልነበረም፤ እንቅልፍና እንጎቻ፣ ውሃም ነበር። ቃሉ የመጣው በኋላ ነው። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት በመሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የሕመሙን ምክንያት ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ግን አቈሰሉት።

መ. ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ?

እኛ ከስሕተታችን በኋላ ወደዚያ ቤት ስድስት ጊዜ ሄድን። የተማርነውን በአጭሩ እንገልጻለን።

ትምህርቱ በቢሮ ሳይሆን በቤታቸው ይሁን፤ አባትየው ከእርሻ በሚመለሱበት ሰዓት ይሁን። መድኃኒቱን ለማቆም የሚወስነው ማን እንደ ሆነ እወቁ፤ ያ ሰው ካልተገኘ ትምህርቱ ለባዶ ቤት ነው። በእኛ ታሪክ እናትየውን አስተምረን ቢሆን እንኳ ወሳኙ አባትየው ነበሩ። ታማሚው ከፈቀደ አብሮ ይቀመጥ፤ በእርሱ ፊት እንደ ሌለ ሰው አትናገሩበት። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ። አስቀድማችሁ «እናንተ ምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አብሾም ቢሉ መተትም ቢሉ አትሳቁ። በመጨረሻም የሰሙትን በራሳቸው ቃል እንዲነግሯችሁ ለምኗቸው። አባትየው በሦስተኛው ቀን «ታዲያ እንደ አጥር ነው በሉኛ፤ ከብቱ አልገባም ብዬ አጥሩን ባፈርስ ነገ ይገባል» አሉን። እኛ ከተናገርነው ሁሉ የሚበልጥ ማስተማሪያ ይህ ነበርና፣ ዛሬ በሌሎች ቤቶች የምንናገረው የእርሳቸውን ቃል ነው።

የሚቻል ከሆነም ሦስት አራት ቤተሰቦችን በአንድነት አገናኙ። እናት ከእናት የምትሰማው ሠራተኛ ከሚናገረው ይበልጥ ልብ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጋብዟት፤ እኛ ስንሄድ የምትቀረው እርሷ ናትና።

ሠ. ጉባኤው ምን ያድርግ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አናቀርብም። ታማሚውንና ቤተሰቡን በስማቸው ጥሩ፤ «እብዱ» አትበሉ። በለቅሶና በሠርግ አትርሷቸው። አስታማሚዋ ወደ ሐኪም ቤት በምትሄድበት ቀን ቤቷን የሚጠብቅ ሰው ላኩ። ዘር ወይም አጨዳ ሲደርስ በደቦ ወይም በወንፈል ርዷቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ካቃታቸው ደግፏቸው። የታመመው ሰው ሲሻለውም ሥራ ስጡት፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው እንደ ዳነ አይቈጠርምና።

ስለዚያ ቤተሰብ ለመጠየቅ የምትሹ ትኖራላችሁ። ልጁ ፈጽሞ ድኗል አንልም፤ አንዳንድ ቀን ድምፁን ይሰማል። ነገር ግን መርፌውን በየወሩ ይወስዳል፤ ከብት ይጠብቃል፤ ሌሊት ይተኛል። አባትየው ባለፈው ዓመት እንቅልፉ ሲጓደል አይተው ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአህያ ጭነው ወሰዱት፤ አላገረሸበትም። እኅቱ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ አብረዋት የጀመሩት ግን ቀድመዋታል። ያ የጠፋ ጊዜ የእኛም ዕዳ ነው። ገመዱን በሄድን ጊዜ አየነው፤ ጥጃ ታስሮበት ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው በምን ስም እንጠራዋለን? ስሙ ለቤተሰቡ ምን ያሰማቸዋል?

2. በአካባቢያችን የአእምሮ መድኃኒት የሚገኝበት ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የት ነው? ከእኛ መካከል ሄዶ የሚጠይቅ ማን ነው?

3. በቤት ውስጥ መድኃኒት እንዲቀጥል ወይም እንዲቆም የሚወስነው ማን ነው? ያን ሰው እንዴት እናገኘዋለን?

4. የኢዮብ ወዳጆች መልካም ያደረጉት መቼ ነበር? የተሳሳቱትስ መቼ ነበር? እኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ከሁለቱ የትኛውን እናደርጋለን?

5. በጉባኤያችን ታማሚ ለመጠበቅ ሲል ከትምህርት የቀረ ልጅ አለን? በዚህ ወር ስለ እርሱ ወይም ስለ እርሷ ምን እናደርጋለን?

ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህን ጥናት አንብባችሁ ስታበቁ አንድ ቤት አስቡ። ሁላችሁም የምታውቁት አንድ ቤት አለ። ወደዚያ ሂዱ፤ መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ስሙ።